ጥንዶቹን ለኩ፦ የኔትወርክ አስተማማኝነትና የክፍሎቹ መስተጋብር

ሰላም ለሁላችሁም፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ አንድ ዝርዝር አለው። ወረቀት ላይ ባይሰፍርም ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። ያ ራውተር ከወደቀ ጉድ ፈላ፣ ያ ኬብል ከተቆረጠ አለቀልን፣ ይሄኛው ግን ቢበላሽም እስከ ነገ ይቆያል። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ አትጣሉት። ችግሩ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው መመዘኑ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሌላ ዝርዝር ነው፤ አብዛኛው ቦታ ስለማይገኝ ዝርዝር። የጥንዶች ዝርዝር። ይሄ ዕቃና ያ ዕቃ አንድ ላይ ሲታዩ ምን ይሆናል? አንዱ ሲወድቅ የሌላው ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይህን በግምት ሳይሆን በቁጥር መናገር ይቻላል። ቁጥሩ ደግሞ ቀላል ነው፤ በአራት ጥያቄ ይወጣል። እኔ በበኩሌ ይህ ቁጥር የሌለበትን የአስተማማኝነት ሪፖርት ሙሉ ነው ብዬ አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

ሰሌዳው ላይ ይህን ሳልኩ። በግራ መነሻ፣ በቀኝ መድረሻ፣ መሀል ላይ ሁለት ጣቢያዎች፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። መስመር 1 ከመነሻ ወደ ላይኛው ጣቢያ ይሄዳል፣ መስመር 2 ከመነሻ ወደ ታችኛው። መስመር 3 ላይኛውን ጣቢያ ከመድረሻ ጋር ያገናኛል፣ መስመር 4 ታችኛውን ከመድረሻ ጋር። መስመር 5 ደግሞ ሁለቱን ጣቢያዎች እርስ በርስ ያገናኛል። የድልድይ ኔትወርክ ይባላል፤ በትምህርቱ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች እባካችሁ ወረቀት ላይ ሳሉት፤ ከዚህ በኋላ የማወራው አብዛኛው ነገር እሱ ላይ ነው።

እያንዳንዱ መስመር የመሥራት ዕድሉ 0.9 ነው እንበል። ለእውነተኛ ኔትወርክ 0.9 በጣም ደካማ ነው፤ ሒሳቡ በዓይን እንዲታይ ብዬ ነው። አንዱ ሲወድቅም ሌላውን አይነካም እንበል፤ ይህን በኋላ እናፈርሰዋለን። ሥራው መልእክት ከመነሻ ወደ መድረሻ ማድረስ ነው። መስመር 5 ሲሠራ መልእክቱ የመድረስ ዕድሉ 0.9801 ነው፣ መስመር 5 ከሌለ 0.9639። ሁለቱን በየድርሻቸው ስትደምሩ 0.97848 ይመጣል። የኔትወርኩ አስተማማኝነት እሱ ነው።

አሁን የትኛው መስመር ነው ዋናው? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዚግመንት በርንባውም የተባለ የሒሳብ ሊቅ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ሰጠ። አንዱን ክፍል በእርግጠኝነት ይሠራል በሉና የኔትወርኩን አስተማማኝነት አስሉ። ከዚያ በእርግጠኝነት ወድቋል በሉና እንደገና አስሉ። ልዩነቱ የክፍሉ ጠቀሜታ ነው። ለመስመር 1 ሲሠራ 0.9891፣ ሲወድቅ 0.8829፤ ልዩነቱ 0.1062። ለመስመር 5 ልዩነቱ 0.0162 ብቻ ነው። ሥዕሉ የተመጣጠነ ስለሆነ 1፣ 2፣ 3 እና 4 እኩል ይወጣሉ። እንግዲህ የተለመደው ዝርዝር የሚለው ይህን ነው፦ አራቱ ከ5 በስድስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን ልዩነት የላቸውም፣ ስለዚህ ጥንቃቄውንም ገንዘቡንም ለአራቱ እኩል አካፍሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 0.1062 አማካይ ነው። ምን ዓይነት አማካይ መሰላችሁ? መስመር 2 ደህና በሆነበት ሰዓት የመስመር 1 ጠቀሜታ 0.009 ነው። መስመር 2 በወደቀበት ሰዓት 0.981 ነው። ያው ኬብል፣ እዚያው ቦታ የተዘረጋ፣ ማንም ያልነካው። ጎረቤቱ ስለወደቀ ብቻ ጠቀሜታው 109 እጥፍ አደገ። 0.1062 የሚባለው ዋጋ በእውነት የሚታይበት ሰዓት የለም፤ መስመሩ ወይ ከሞላ ጎደል ትርፍ ነው፣ ወይ ኔትወርኩ የተንጠለጠለበት ብቸኛ ነገር ነው።

በሥራ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኔትወርክ የጠገናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሌሊት መስመር 2 ይቆረጣል። የጥገና ቡድን ይወጣል። ጠዋት ሌላ ቡድን፣ ከሳምንት በፊት በተያዘ ፕሮግራም፣ የመስመር 1 ዕቃ ላይ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሊጭን ይቀመጣል። ፈቃዱ ላይ «ዝቅተኛ ስጋት» ተብሎ ተጽፏል። ሲጻፍ ውሸት አልነበረም። አሁን ግን በ109 እጥፍ የተለየ ሥራ ሆኗል፤ ወረቀቱ ያንን አያውቅም።

ይህን የጠቀሜታ መለዋወጥ የሚለካ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሆንግ እና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሁለት የኔትወርክ መስመሮች የጋራ ጠቀሜታ መለኪያ አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለሌላውም ዓይነት ክፍል ሰፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ክፍሎች ምረጡ። አራት ጊዜ አስሉ፦ ሁለቱም ሲሠሩ፣ አንደኛው ብቻ ሲሠራ፣ ሌላኛው ብቻ ሲሠራ፣ ሁለቱም ሲወድቁ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምሩ፣ የመሀሎቹን ሁለቱን ቀንሱ። በቃ። ለ1 እና ለ2፦ ሁለቱም ሲሠሩ 0.99፣ አንዱ ብቻ ሲሠራ 0.981፣ ሌላው ብቻ ሲሠራም 0.981፣ ሁለቱም ሲወድቁ 0። መልሱ ከዜሮ በታች 0.972 ነው፤ −0.972።

የቁጥሩን ትርጉም እኔ እንዲህ ነው የማስረዳው፣ ከቀመሩም ይልቅ ይህን ያዙልኝ። የቀሩትን ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ባሉበት ሁኔታ ያዟቸው። አሁን ጥንዱን ተመልከቱ። ኔትወርኩ የሚሠራው ሁለቱም ሲኖሩ ብቻ ከሆነ +1 ጻፉ። ከሁለቱ አንዱ ማንኛውም ከበቃ፣ ሁለቱም ሲጠፉ ግን ከወደቀ፣ −1 ጻፉ። በሌላው ሁኔታ ሁሉ 0። በሁሉም ቅጽበት ላይ አማካይ ስትወስዱ የጥንዱ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ከዜሮ በላይ የሆነ ጥንድ አንዱ ያለሌላው ዋጋ የሌለው ጥንድ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ጥንድ አንዱ የሌላው ምትክ የሆነ ጥንድ ነው። 1 እና 2 ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ምትክ ናቸው።

ሌሎቹስ? 1 እና 3 በላይኛው መንገድ ላይ በተከታታይ የተቀመጡ ናቸው፤ ቁጥራቸው +0.028 ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ከዜሮ በላይ ነው። 1 እና 4 በሰያፍ የተቀመጡት −0.072 ናቸው። ይህን የሰያፍ ጥንድ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በ0.009 ድርሻ ላይ ሁለቱም የግድ ናቸው፦ 2 እና 3 ወድቀው 5 ሲሠራ ያለው ብቸኛ መንገድ 1፣ 5፣ 4 ነው። በ0.081 ድርሻ ላይ ደግሞ ምትክ ናቸው፦ 2 እና 3 እየሠሩ 5 ሲወድቅ፣ ወይ ላይኛው መንገድ በ1 ይሞላል፣ ወይ ታችኛው በ4። −0.072 የሁለቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ስታወጡ ልዩነቱን ብቻ አታስቀምጡ፤ የ+1 እና የ−1 ድርሻዎችን ለየብቻ መዝግቡ። ዜሮ የወጣ ጥንድ ግንኙነት የሌለው ጥንድ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት ተቃራኒ ግንኙነቶች ተጣፍተው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ቅድም «አንዱ ሲወድቅ ሌላውን አይነካም» ብለን ነበር። እውነተኛ ኔትወርክ እንዲህ አይደለም። ሁለት ኬብሎች በአንድ ቦይ ያልፋሉ፣ ሁለት ሰርቨሮች ከአንድ የኃይል መስመር ይቀዳሉ፣ ሁለት ራውተሮች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ ናቸው። አብረው የመውደቅ ዝንባሌ አላቸው ማለት ነው። ይህ ኔትወርኩን ምን ያህል ይጎዳዋል? መልሱ በጣም የሚያምር ነው። ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ ብቻ የተያያዙ ከሆነ፣ ከሌሎቹ ጋር ካልተያያዙ፣ የአስተማማኝነቱ ለውጥ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ የጥንዱ ቁጥር ሲባዛ አብሮ የመውደቃቸው ትርፍ። ትርፍ የምለው ሁለቱ አብረው የሚወድቁበት ዕድል በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደበለጠ ነው። ሌላ የተደበቀ ነገር የለም፤ ግምትም አይደለም፣ ልክ ያንኑ ያህል ነው።

በቁጥር እንየው። በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን 1 እና 2 አብረው የሚወድቁበት ዕድል 0.1 ሲባዛ 0.1፣ ማለትም 0.01 ነው። ኬብሎቹን በአንድ ቦይ ቀበርናቸውና ይህ ዕድል 0.05 ሆነ እንበል። እያንዳንዱ ኬብል ለብቻው ሲታይ አልተለወጠም፤ አሁንም 0.9 ነው። ትርፉ 0.04 ነው። −0.972 ሲባዛ 0.04 የኔትወርኩን አስተማማኝነት በ0.03888 ዝቅ ያደርገዋል፤ ከ0.97848 ወደ 0.9396። የመውደቅ ዕድሉ ከ0.02152 ወደ 0.0604፣ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የየዕቃው ሪፖርት ላይ ግን አንድም ቁጥር አልተነካም።

አሁን ያንኑ ቦይ ለ1 እና ለ3 እንስጠው። ያው 0.04። ለውጡ +0.00112 ነው። አዎ፣ ኔትወርኩ ተሻለ! የሚገርም ይመስላል፣ ግን አስቡት። 1 እና 3 በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። አንዱ ከወደቀ መንገዱ ሞቷል፣ የሌላው ደህና መሆን ብዙም አይጠቅምም። መውደቃቸው ካልቀረ በአንድ ጊዜ ቢወድቁ ይሻላል፤ ሁለት መጥፎ ቀን ከመፍጠር አንድ መጥፎ ቀን። ስለዚህ «ሁሉንም ኬብል ለያዩ» የሚለው ምክር ልክ አይደለም፣ ገንዘብም ያባክናል። ትክክለኛው ምክር፣ ቁጥራቸው ከዜሮ በታች ርቆ የሄዱትን ጥንዶች ለያዩ ነው። ቁፋሮ ውድ ነው። የት መቆፈር እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

«0.9 ስላልክ ነው እንጂ የኛ ዕቃ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። እንየዋ። እያንዳንዱ መስመር ከ1000 ጊዜ 1 ጊዜ ብቻ ይውደቅ። ሁሉም ለየብቻው ከሆነ ኔትወርኩ የሚወድቅበት ዕድል ወደ 0.000002 ይወርዳል፣ ከሚሊዮን ሁለት። አሁን ከመስመር 1 ውድቀቶች ከ10 አንዱ መስመር 2ንም ይዞ የሚወርድ ይሁን። የኔትወርኩ የመውደቅ ዕድል 0.000101 አካባቢ ይሆናል። 50 እጥፍ! በደካማው ዕቃ ላይ ይህን የሚያህል ዝላይ ልታገኙ አትችሉም፤ ምክንያቱም እዚያ አጋጣሚው ራሱ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አብሮ ይጥላል። ዕቃው በተሻለ ቁጥር መስተጋብሩ የውድቀቱን አብዛኛውን ድርሻ እየያዘ ይሄዳል። ጥሩ ዕቃ ገዝቶ ጥንዶቹን አለመመርመር ያሳዝነኛል፣ የወጣው ገንዘብ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው።

ይህ የሰሌዳ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2001 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በሃዋርድ ስትሪት የባቡር መሿለኪያ ውስጥ የጭነት ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ተቃጠለ። በዚያው መሿለኪያ የተለያዩ የኢንተርኔት አቅራቢዎች የፋይበር ኬብሎች ያልፉ ነበር። ካርታው ላይ የተለያዩ ኩባንያዎች፣ የተለያዩ መስመሮች። መሬት ላይ ግን አንድ ጉድጓድ።

አብሮ ለመውደቅ የግድ አንድ ቦታ መሆንም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1990 የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የረጅም ርቀት የስልክ ኔትወርክ ለ9 ሰዓት ያህል ተሽመደመደ። በኒው ዮርክ ያለ አንድ ስዊች (ጥሪ የሚያቀባብል ማሽን) ችግር ገጠመው፣ ራሱን ለጥቂት ሰከንዶች አጥፍቶ አስነሳ፣ ከዚያ ለጎረቤቶቹ ተመልሻለሁ የሚል መልእክት ላከ። እስከዚህ ሁሉም በሥርዓቱ ነው። የጎረቤቶቹ አዲስ ሶፍትዌር ግን መልእክቶች ተቀራርበው ሲደርሱት የሚሳሳትበት አንድ ቦታ ነበረው፤ ጎረቤቱም ራሱን አጥፍቶ ያስነሳል፣ እሱም ተመልሻለሁ ይላል፣ ቀጥሎ ያለውን ይጥላል። 114 ስዊቾች ነበሩ፣ ሁሉም ያንኑ ሶፍትዌር የጫኑ። የእያንዳንዱን ስዊች አስተማማኝነት ለብቻው ብትለኩ በጣም ጥሩ ነበር። የመነሳቱ ምልክት፣ ጤንነትን የሚያበስረው መልእክት፣ ነው በሽታውን ያስተላለፈው።

ሌላ ዓይነት መስተጋብር ደግሞ አለ፣ ጭነት የሚያቀባብል። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2003 ሌሊት፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ወደ ጣሊያን ኃይል የሚያሻግር ሉክማኒየር የተባለ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ መስመር ከዛፍ ጋር ተነካክቶ ጠፋ። ይሸከመው የነበረው ኃይል ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ ከእነሱ አንዱ የሳን በርናርዲኖ መስመር ከአቅሙ በላይ ተሸከመ። ሽቦ ከመጠን በላይ ሲጫን ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲረዝም ወደ መሬት ይረግባል። ከ24 ደቂቃ በኋላ እሱም ዛፍ ነካ። ከዚያ የቀሩት ድንበር ተሻጋሪ መስመሮች በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ወጡ፣ ጣሊያን ከሰርዲኒያ በስተቀር ጨለመች፤ ወደ 56 ሚሊዮን ሕዝብ። እዚህ ሁለቱን መስመሮች ያያያዛቸው ቦታ አይደለም፣ ሶፍትዌርም አይደለም፤ ጭነት ነው። የሁለተኛው የመውደቅ ዕድል በአንደኛው መውደቅ ምክንያት ተለወጠ። በኛ ቋንቋ፣ አብሮ የመውደቁን ትርፍ የፈጠረው የኔትወርኩ ራሱ ሥራ ነው። ጭነት የሚያቀባብል ኔትወርክ ካላችሁ፣ «መስመር 2 በሌለበት የመስመር 1 የመውደቅ ዕድል ስንት ነው?» ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ፤ በሰላሙ ጊዜ የተለካውን 0.001 እዚያ አታስገቡት።

የጥንዱ ቁጥር ራሱም ቋሚ አይደለም፤ ይሄ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ዳታቤዝ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ቅርጽ ታውቁታላችሁ፦ ሦስት ሰርቨሮች፣ ሥራው የሚቀጥለው ከሦስቱ ሁለቱ እስካሉ ድረስ ነው። የአንደኛውና የሁለተኛው ጥንድ ቁጥር ምን መሰላችሁ? 1 ሲቀነስ የሦስተኛው የመሥራት ዕድል ሁለት እጥፍ። ሦስተኛው 0.9 ከሆነ −0.8። ምትኮች ናቸው፣ ደስ ይላል። ሦስተኛውን ለጥገና ስታወርዱት ዕድሉ 0 ይሆናል፣ ቁጥሩም +1 ይሆናል። ያው ሁለት ሰርቨሮች፣ ከደቂቃ በፊት አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ የነበሩ፣ አሁን አንዱ ከሌላው ውጭ ምንም የማይሆኑ ሆኑ። ምልክቱ ተገለበጠ። ስለዚህ የጥገና ፕሮግራም ስታወጡ የሚወርደውን ዕቃ ብቻ አትዩ። እሱ ሲወርድ የትኞቹ ጥንዶች ምልክታቸውን እንደሚቀይሩ እዩ፣ ያን ቀን እነዚያን አትንኩ።

ስለ ጥገና ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 የፌስቡክ አገልግሎቶች ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ ዳታ ሴንተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የጀርባ አጥንት ኔትወርክ አቋረጠው። የዲኤንኤስ ሰርቨሮቻቸው (የድረ ገጽን ስም ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚተረጉሙት) ደግሞ ከዳታ ሴንተር ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው ጤነኛ አይደለሁም ብለው ራሳቸውን ከኢንተርኔት እንዲያወጡ የተሠሩ ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጡ። መሐንዲሶቹ ችግሩን የሚያዩባቸው መሣሪያዎችም እዚያው የወደቀው ኔትወርክ ላይ ነበሩ። ጥገናውና የሚጠገነው ነገር ራሳቸው ጥንድ ናቸው፤ ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቧቸው።

እሺ፣ እንዴት ነው የምንለካው? አምስት መስመር ያለው ሥዕል 32 ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፣ በእጅ ይወጣል። 50 መስመር ካለ ሁኔታዎቹ ከ1,125 ትሪሊዮን በላይ ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ሌስሊ ቫሊያንት እ.ኤ.አ. በ1979 ይህ ዓይነቱ ስሌት በአጠቃላይ መልኩ ከከባዶቹ የቆጠራ ችግሮች ተርታ መሆኑን አሳይቷል፤ ብልህ አቋራጭ ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ ያለን መንገድ ሲሙሌሽን ነው፤ ኔትወርኩን በኮምፒውተር አስመስሎ ደጋግሞ ማስኬድ። ግን ሲሙሌሽኑን በደንብ ሥሩት። ከሚሊዮን ሁለት ጊዜ የሚወድቅን ኔትወርክ 10 ሚሊዮን ጊዜ ብታስኬዱት 20 ያህል ውድቀት ነው የምታዩት፤ ከ20 ውድቀት የጥንድ ቁጥር አይወጣም። ዘዴው ጥንዱን በግድ መያዝ ነው። ኮምፒውተሩ የሌሎቹን ክፍሎች ሁኔታ በዕጣ ያውጣ። በዚያው ዕጣ ላይ ጥንዱን አራት ጊዜ ቀያይሩት፣ ኔትወርኩ ይሠራል ወይስ አይሠራም በሉ፣ +1 ወይም −1 ወይም 0 ጻፉ። ለአራቱም ያንኑ ዕጣ መጠቀም ወሳኝ ነው፤ ለየብቻ ዕጣ ካወጣችሁ የዕጣው ጫጫታ ትንንሾቹን ቁጥሮች ይውጣቸዋል። እንዲህ ሲሠራ ብርቅዬውን ውድቀት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱን ዕቃዎች እኛ ስለምንጥላቸው።

ሁሉንም ጥንድ መሞከርም ግድ አይደለም። 1000 ክፍል ካለ 499,500 ጥንድ አለ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ቆራጭ ስብስቦች ፈልጉ፤ ማለትም አብረው ሲወድቁ ኔትወርኩን ለሁለት የሚከፍሉ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎችን። ዕቃው ጥሩ ሲሆን ትልልቆቹ የጥንድ ቁጥሮች የሚገኙት እዚያ ነው። በኛ ሥዕል 1 እና 2፣ እንዲሁም 3 እና 4 ናቸው። ከዚያ ለእነሱ ብቻ ከባዱን ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚጋሩት ምንድን ነው? ቦይ? ኃይል? ሶፍትዌር? አንድ የይለፍ ቃል? አንድ ሰው?

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

አንዷ ተሳታፊ፣ ጥንድ ካልን ሦስትዮሽስ ለምን አንልም አለች። ይቻላል፤ መደመርና መቀነሱ በዚያው ሥርዓት ይቀጥላል፣ ስምንት ስሌት ይሆናል። 1000 ክፍል ላይ ግን 166,167,000 ሦስትዮሽ አለ። እኔ የማደርገው፣ ሦስት አባል ያላቸውን ቆራጭ ስብስቦች አውጥቼ፣ ሦስቱም የሚጋሩት ነገር ያላቸውን ብቻ መመርመር ነው። ሦስት መጠባበቂያ ኖሮ ሦስቱም ያንኑ ስሪት ሶፍትዌር ከጫኑ፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሌላው ጥያቄ ከባድ ነበር። የጥንዱን ቁጥር ከሥዕሉ አወጣነው፤ አብሮ የመውደቁን ትርፍ ግን ከየት እናመጣለን? ሁለቱ አብረው ወድቀው አያውቁም እኮ። ልክ ነው፣ አብዛኛው ቡድን ያለበት ሁኔታ ይህ ነው። ሁለት ነገር መለስኩ። አንደኛ፣ የብልሽት መዝገባችሁን እንደገና አንብቡ፣ ግን ሙሉ ውድቀቶችን ብቻ አትፈልጉ። ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ያነካካ ማንኛውም ነገር ይቆጠራል፦ የኃይል መዋዠቅ፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ላይ የወጣ ማሻሻያ፣ በቦዩ አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ። አብሮ መውደቅ ከመምጣቱ በፊት አብሮ መንገዳገድ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ማግኘት ካልቻላችሁ ጥያቄውን ገልብጡት። የጥንዱ ቁጥር −0.972 ከሆነ፣ ኔትወርኩ ልትቀበሉት ከምትችሉት ደረጃ በታች እንዲወርድ ስንት ትርፍ ይበቃዋል? ለኛ ሥዕል የምትቀበሉት ወለል 0.97 ቢሆን፣ ያላችሁ ክፍተት 0.00848 ነው፣ ለ0.972 ስታካፍሉት 0.0087 አካባቢ። እንግዲህ ሁለቱ አብረው የሚወድቁበት ዕድል ከ0.01 ወደ 0.019 ካለፈ ወለሉ ተጥሷል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ኬብሎቹ ወደሚያልፉበት ቦይ ሂዱና፣ የቦዩን ካርታ ከሚያውቀው ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ቦዩን በሙሉ የሚያበላሽ ነገር ከ1000 ጊዜ 9 ጊዜ ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብላችሁ ተነጋገሩ። እሱ መልስ ያለው ጥያቄ ነው።